ያለ ክፍያ የቆሙ ጠበቆች

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰብ አለቃ ያደርገዋል። ሚስትም ትእዛዙ ሕገወጥ እስካልሆነ ድረስ ለባሏ እንድትታዘዝ ግዴታ ይጥልባታል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ስድስት ኪሎ ላይ ሲከፈት ይኸው ሕግ ከዋና ዋናዎቹ መማሪያዎች አንዱ ሆነ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ የፋኩልቲው የመጀመሪያ ዲን ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ ፖል። ቁጥር 635ን ለፈተና ያጠኑ ሴቶች ከዓመታት በኋላ ያንኑ ድንጋጌ ለማሻር ተነሡ። የሠሩት ሥራ በሦስት ቦታ ተጽፎ ይገኛል፤ በነጋሪት ጋዜጣ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ፣ ጥቂቱ ደግሞ በሽልማት ዜና። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሦስተኛው ነው። እኔ የምጀምረው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ነው።

የቀድሞዎቹ የፋኩልቲው ምሩቃን መንገድ አስቀድሞ የተጠረገ ነበር፤ ዳኝነት፣ ዐቃቤ ሕግነት፣ የአንድ ሚኒስቴር የሕግ ክፍል። ለራሱ መክፈል ለማይችል ሰው ጥብቅና መቆምን የዕድሜ ልክ ሥራ አድርጎ የሚይዝበት ቤት አልነበረም። ሕጉ ለደሀ ጨርሶ አላሰበም ማለት አይደለም። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አቅም የሌለው ሰው የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል በደሀ ደንብ እንዲከስ ይፈቅዳል። ነገር ግን በደሀ ደንብ የከሰሰች ሴት ከክፍያው ብትድንም ክሷን የሚጽፍላት፣ ምስክር የሚጠይቅላት፣ ይግባኝ የሚልላት ሰው ራሷ መፈለግ ነበረባት። የዚያው ሕግ ቁጥር 33 ደግሞ በክርክሩ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። የራስ ጥቅም ሳይኖር በሌላው ሰው ስም፣ ወይም በብዙዎች ስም፣ ችሎት ፊት መቆም የማይታሰብ ነበር። በ1967 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲላኩ ትምህርቱ ተቋረጠ። ፋኩልቲው ሲመለስ የፍርድ ቤቱም የመንግሥቱም መልክ ተለውጦ ነበር።

መዓዛ አሸናፊ ከዚሁ ፋኩልቲ በሕግ የተመረቁት በደርግ ዘመን፣ በ1978 ዓ.ም. ነው። የተወለዱት አሶሳ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው በወንጀል ችሎት ተቀመጡ፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላም እስከ 1984 ድረስ በዚያው ቆዩ። ቀጥሎ አዲሱን ሕገ መንግሥት ሲያረቅ ለነበረው ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ሆኑ። የዚህን ዘመን ነገር የሚያጠና ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ወይዘሮ መዓዛ በኋላ ለተጠለፈች ልጅ ጠበቃ ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት የወንጀል ችሎትን ከዳኛው ወንበር ሆነው አይተውታል፤ ሕገ መንግሥት እንዴት እንደሚረቀቅም ከጠረጴዛው አጠገብ ሆነው ተመልክተዋል። ወደ ጥብቅናው የመጡት ከውጭ ሆነው መንግሥትን ከሚተቹ ሰዎች ወገን ሳይሆን ከራሱ ከመንግሥት ቤት ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተጋቢዎች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው አስቀመጠ። አንቀጽ 35 ሙሉ በሙሉ ስለ ሴቶች መብት ነው። አንቀጽ 37 ደግሞ ማኅበራት የአባሎቻቸውን የጋራ ወይም የግል ጥቅም ወክለው ወደ ፍርድ አካል እንዲሄዱ በር ከፈተ፤ ቁጥር 33 የዘጋውን በር መሆኑ ነው። ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ሕግ ተፈጻሚነት የለውም ይላል አንቀጽ 9። ቁጥር 635 ግን ከመጽሐፉ አልወጣም። ባልን አለቃ የሚያደርገው ሕግና ሁለቱን እኩል የሚያደርገው ሕግ በአንድ ችሎት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አምስት ዓመት ቆዩ።

ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ በዋለበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ጥቂት ሴት የሕግ ምሩቃን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ወይዘሮ መዓዛ የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። የማኅበሩ አሠራር ሦስት መልክ ነበረው፦ ለሴቶች በነፃ የሕግ ምክርና ጥብቅና መስጠት፣ የሕግ ጉድለቶችን እያጠኑ እንዲሻሻሉ መወትወት፣ ማኅበረሰቡን ማስተማር። በርቺ የተባለ የጥናት መጽሔትም ያሳትሙ ነበር። ከአዲስ አበባ ውጭ ቅርንጫፎች ተከፈቱ፤ ጠበቃ በሌለበት ደግሞ በጎ ፈቃደኞች መሠረታዊ የሕግ ሥልጠና እየወሰዱ ሴቶችን ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይመሩ ጀመር። እንደኔ ግምት የማኅበሩ ትልቁ ብልሃት ነፃ ጥብቅናውንና የሕግ ማሻሻያውን አለመለያየቱ ነው። የዕለቱ ባለጉዳይ ይዛው የመጣችው አቤቱታ በማግስቱ ለምክር ቤት የሚቀርብ የማሻሻያ ሐሳብ መነሻ ይሆን ነበር። ቀለብ የከለከላትን ባል የምትከስ ሴት፣ በፍቺ ጊዜ የድርሻዋን ያጣች ሴት፣ ሳይጋቡ ለዓመታት አብረው ኖረው ባዶ እጇን የተባረረች ሴት፤ የሦስቱም ችግር ከአንድ ሕግ ክፍተት ይመነጫል።

በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ በመጡ ሰዎች ተጠለፈች። ጠላፊዋ ደበደባት፤ ደፈራት። በማግስቱ ጠመንጃውን ይዛ አመለጠች፤ ተከታትሎ ሲደርስባት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ማኅበሩ ጉዳይዋን ያዘ።

ይህን መዝገብ ለመረዳት የጊዜውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ማየት ያስፈልጋል። በ1949 የወጣው ይህ ሕግ ጠለፋን በቁጥር 558 ወንጀል ያደርገዋል፤ ቅጣቱ ግን ከሦስት ዓመት ጽኑ እስራት አይበልጥም። በዚያ ላይ ጠላፊና ተጠላፊ በፈቃዳቸው ተጋብተዋል ከተባለ ክሱ ይቀራል። በአስገድዶ መድፈርም እንዲሁ ጋብቻው ክሱን ያስቀር ነበር። ይህ ሲጻፍ ለቤተሰብ ሰላም ተብሎ ይሆናል፤ በሥራ ላይ ግን ሕጉ ራሱ ለጠላፊው መውጫ መንገድ ያሳየው ነበር። ልጅቱን ጠልፎ ሽማግሌ መላክ፣ ወላጆቿን ካሳ ከፍሎ ማስማማት፣ ከዚያም ጋብቻ ተፈጽሟል ብሎ ለዐቃቤ ሕግ ማሳወቅ በቂ ነው። «በፈቃድ» የሚለው የሕጉ ቃል፣ ክብሯ ተነክቷል ተብላ ሌላ የሚያገባት በማታገኝ የ14 ዓመት ልጅ ላይ ሲፈጸም ምን ማለት እንደሆነ ችሎቱ ብዙ ጊዜ አልጠየቀም።

ጠበቆቹ ያነሡት ክርክር ሕጋዊ መከላከል ነው። ልጅቱ ተኩሳ መግደሏን አልካዱም፤ ወንጀል አይደለም አሉ እንጂ። ለዳኛው የቀረበለት ጥያቄ ከባድ ነበር። ሕጋዊ መከላከል የሚባለው በሕይወት ወይም በአካል ላይ የሚመጣን ሕገወጥ ጥቃት መመከት ነው። ጠለፋው ባህል ነው የሚል አካባቢ ውስጥ ግን ጥቃቱን ሕገወጥ ብሎ መጥራት ራሱ የክርክሩ ግማሽ ነው። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። በመጨረሻ ልጅቱ ራሷን የተከላከለች መሆኗ ተረጋግጦ በነፃ ተለቀቀች። ወደ መንደሯ ግን መመለስ አልቻለችም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ዳኝነት የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አልተከተለም።

ይህ ታሪክ ከዓመታት በኋላ ድፍረት በተባለው ፊልም ዓለምን ዞረ። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት አገኘ። ነሐሴ 28 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ አዳራሹ ከሞላ በኋላ ግን ዕይታው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ታሪኩ የእሷ የሆነው ሴት ያለፈቃዴ ተሠራብኝ ብላ አቤት ብላ ነበር። ነገሩ በኋላ ተፈትቶ ፊልሙ ታየ። ነገር ግን ዕግዱ ራሱ ለታሪክ ጸሐፊ ከሽልማቱ የበለጠ ይናገራል። የሕዝብን ጥቅም ይዞ የሚቆም ጠበቃ የሚያሸንፈው በሰው ሕይወት ነው፤ ድሉ በጠበቃው የሥራ ታሪክ ውስጥ ጉልህ ምዕራፍ ሆኖ ሲጻፍ፣ በባለጉዳይዋ ሕይወት ውስጥ ደግሞ ልትረሳው የምትፈልገው ቀን ሊሆን ይችላል። ስሟን እዚህ ያልጻፍሁት ለዚህ ነው። ፊልሙ ፊልም ነው፤ በጠበቃዋና በባለሥልጣናት መካከል የሚታዩትን ትዕይንቶች እንደ ፍርድ ቤት ግልባጭ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል።

ማኅበሩ በአንጻሩ ድምፁን ያሰማው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ለዓመታት የተወተወተበት ውጤት ነው። ቀድሞ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 የነበረው የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። የባል አለቅነት ተሰርዞ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ተደነገገ። ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተወስዶ ለፍርድ ቤት ብቻ ተሰጠ። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራቸው እንዲሆን ተደረገ። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ለጋዜጣ ርዕስ አይመችም፤ በችሎት ግን ስንት ሴት ከደጅ እንዳትወድቅ አድርጓል።

ድሉ ሙሉ አልነበረም። አዋጁ የተፈጸመው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው ክርክሩ በየክልሉ ምክር ቤት እንደገና መደረግ ነበረበት። አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ በተከታዮቹ ዓመታት የራሳቸውን አወጡ። ሁሉም እኩል አልተራመዱም።

በ1997 ግንቦት ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ የአርሲዋን ልጅ መዝገብ ጥላ ይዟል ብል ማጋነን አይሆንም። በአንቀጽ 587 የጠለፋ ቅጣት ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ሆነ፤ ከጠለፋው በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ጠላፊውን ከወንጀል ኃላፊነት እንደማያድነውም በግልጽ ተጻፈ። የአስገድዶ መድፈር ቅጣት ከአምስት ዓመት የማያንስ፣ ከአሥራ አምስት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ተደረገ። የሴት ልጅ ግርዛትና ያለዕድሜ ጋብቻ ራሳቸውን የቻሉ ወንጀሎች ሆነው ተቆጠሩ። ለዚህ ሁሉ ምስጋናው የአንድ ማኅበር ብቻ አይደለም፤ የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ሌሎች ማኅበራትና አርቃቂዎቹ ራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም ክርክሩን በስም ከሚታወቅ መዝገብ፣ ከእውነተኛ ባለጉዳይ፣ ከተጻፈ ፍርድ ጋር አያይዘው ያቀረቡት ጠበቆቹ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ወይዘሮ መዓዛ ከዛምቢያዊቷ ሣራ ሎንግዌ ጋር ዘ ሀንገር ፕሮጀክት የሚሰጠውን የአፍሪካ የመሪነት ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ በየሕይወት ታሪካቸው ላይ ከፊት ይጻፋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ማኅበሩ በቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰባት ሴት ሕግ አስከባሪው በቂ ጥበቃ አላደረገም ብሎ በአደባባይ ከወቀሰ በኋላ፣ በ1993 ማብቂያ ላይ ፍትሕ ሚኒስቴር ማኅበሩን አገደ፤ የባንክ ሒሳቡም ተዘጋ። በ1994 የመጀመሪያ ወራት ዕግዱ ተነሣ። ጊዜው አጭር ቢሆንም ትምህርቱ አጭር አልነበረም፤ ለሌላው መብት የሚከራከር ማኅበር የራሱን ህልውና በአንድ ደብዳቤ ሊያጣ እንደሚችል ታየ።

ከበድ ያለው ዱላ የመጣው በ2001 ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በጾታ እኩልነትና በፍትሕ ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ሴት ጠበቆቹ የሚሠሩት በትክክል እነዚህን ሦስቱን ነበር፤ ለደሀ በነፃ የሚቆም ጠበቃ ደመወዝ ከደሀ አይሰበሰብም። በ2002 የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ ሠራተኞች ተቀነሱ፤ አገልግሎቱ ጠበበ። በአንቀጽ 37 የተከፈተው በር አልተዘጋም፤ በበሩ የሚገባው ሰው ግን የታክሲ ሒሳብ እንኳ አጣ። አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው። በመካከል የጠፋውን አሥር ዓመት በቁጥር የሚተምን ሰው አላገኘሁም፤ ባለሙያ ማሠልጠን፣ ባለጉዳይ ማስለመድ፣ ፋይል ማደራጀት ግን ተዘግቶ እንደሚከፈት ቧንቧ አይደለም።

በሌላ መስክም የተሞከረ አንድ ክስ አለ። በ1995 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ በአንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው በጉዳዩ የግል ጥቅም እንዳለው ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት እንዲልና እንዲከስ ይፈቅዳል። በዚያን ጊዜ በሀገሪቱ ሕግ ውስጥ ለሕዝብ ጥቅም ክርክር እንዲህ ወለል ያለ በር አልነበረም። በሕግ ባለሙያዎች የተቋቋመ አንድ ማኅበር ይህን ይዞ ስለ አቃቂ ወንዝ ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሰሰ። ክሱ ውጤት ሳያገኝ ቀረ። የተሸነፈ ክስ በማንም የሥራ ታሪክ ላይ አይጻፍም፤ የሕግ ትምህርት ቤቶች ግን እስከ ዛሬ ያስተምሩታል።

ከስድስት ኪሎ የወጡት ሁሉ በሴቶች ጉዳይ ብቻ አልቆሙም። የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆነች፤ ሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፤ በማኅበራዊ ሥራም ሁለተኛ ዲግሪ ጨመረች። ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራውን የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ከመሠረቱት አንዷ ናት። በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኘች። በዚያ ዓመት ከተሸለሙት መካከል የሕንዱ ኮሊን ጎንሳልቬስና የአሜሪካው ሮበርት ቢሎት ይገኙበታል፤ ሁለቱም ለሕዝብ ጥቅም በፍርድ ቤት የሚሟገቱ ጠበቆች ናቸው። የትነበርሽ ከእነሱ የምትለየው ጥብቅናዋን ከችሎት ይልቅ በተቋማት ውስጥ ስለምታካሂድ ነው፤ ሕንፃው መወጣጫ እንዲኖረው፣ ቀጣሪው ማመልከቻውን እንዲቀበል፣ ፕሮጀክቱ አካል ጉዳተኛውን እንዲቆጥር። እኛ ሀገር ይህኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ከክሱ ይልቅ ቶሎ ይደርሳል።

ወይዘሮ መዓዛ በዚህ መሀል በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አማካሪ ሆነው ሠሩ፤ በ2005 ሥራ የጀመረውን እናት ባንክን ከመሠረቱትም ነበሩ፤ ቦርዱንም በሰብሳቢነት መርተዋል። ጥቅምት 22 ቀን 2011 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾማቸው። በዚህ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሹመቱ የመጣው ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር በሆኑ በሳምንቱ ነው። በእርሳቸው ዘመን፣ በ2013፣ የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደርና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጆች ቁጥር 1233 እና 1234 ጸደቁ፤ ከእነዚህ ጋር በፍርድ ቤት የሚመራ የአስማሚነት አሠራር ሕጋዊ መሠረት አገኘ። ጥር 9 ቀን 2015 ከምክትላቸው ከአቶ ሰሎሞን አረዳ ጋር ሥራቸውን ለቀቁ።

አራት ዓመት ከጥቂት ወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሀገሪቱ ፍርድ ቤቶች በጦርነት፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና በፖለቲካ እስረኞች መዝገብ ተጨናንቀው ነበር። ጠበቃ ሆኖ አስፈጻሚውን መክሰስ አንድ ነገር ነው፤ የዳኝነት አካሉ አናት ሆኖ አስፈጻሚው የፍርድ ቤትን ትእዛዝ እንዲያከብር ማድረግ ሌላ ነው። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አልተሳካም፤ ዋስትና ተፈቅዶላቸው ያልተለቀቁ ተከሳሾች ዜና በእርሳቸውም ዘመን አልጠፋም። ይህን መጻፍ ሥራቸውን ማሳነስ አይደለም። ፕሬዚዳንትነቱን የሥራ ዘመናቸው ጫፍ አድርጎ የሚያይ ሰው ሚዛኑን ያዛባል እላለሁ፤ ከአራት ዓመቱ ሹመት ይልቅ የአዋጅ ቁጥር 213 ዕድሜ ይረዝማል።

የተጀመረው ክርክር ግን አላለቀም። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ድርጊቱ ከጋብቻ ውጭ የተፈጸመ መሆን እንዳለበት ይጠይቃል። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ሚስቱን የደፈረ ባል በአስገድዶ መድፈር አይከሰስም። ለቤት ውስጥ ጥቃትም ሕጉ የራሱን ቅጣት አልደነገገም፤ ተራ የአካል ጉዳት ወደሚታይባቸው አንቀጾች ይመራዋል። ሴት ጠበቆቹ ሁለቱም እንዲለወጡ ከጠየቁ ዓመታት አልፈዋል።